መልስ፦ 66 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ላይ ስለወጣው ወፍራም ባንድ

ባንዱ ባዮማርከር (የበሽታ ጠቋሚ) አይደለም፤ በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፕሮቲን አልቡሚን ነው። ከጡት ካንሰር ታካሚዎች ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) በኪት ኤክሶሶም (ሴሎች የሚለቁትን ጥቃቅን ከረጢት) ለይተሽ፣ ፕሮቲንን በመጠን በሚለየው ጄል ላይ የወጣውን ወፍራም ባንድ (የፕሮቲን መስመር) «አዲስ ፕሮቲን አገኘሁ ይሆን?» ብለሻል። የጤነኞቹ ናሙና ላይም ያው ባንድ አለ ስትዪ መልሱን ራስሽ ነግረሽናል።

ኪቱ ኤክሶሶሙን ብቻ ለይቶ አያወርድም። የሴረሙን ፕሮቲን ጎትቶ ይዞት ይወርዳል። እንዲህ ሞክሪ፦

1. ናሙናውን በሳይዝ ኤክስክሉዥን ኮለም (በመጠን በሚለይ ቱቦ) አሳልፊው። ኤክሶሶሙ ትልቅ ስለሆነ ቀድሞ ይወጣል፤ አልቡሚኑ ወደኋላ ይቀራል።
2. ከዚያ በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በአንቲቦዲ በሚለይ ምርመራ) የኤክሶሶም ምልክት የሆኑት ሲዲ9፣ ሲዲ81 እና ቲኤስጂ101 መኖራቸውን እዪ። ኤክሶሶም ላይ የማይጠበቀው የሴል ውስጥ ፕሮቲን ካልኔክሲን ከታየሽ ግን የሴል ስብርባሪ ገብቶብሻል።

በአንዳንድ የጡት ካንሰሮች ላይ የሚበዛው ፕሮቲን የኸር2 ፍለጋ ከዚህ በኋላ ነው። 185 ኪሎዳልተን ስለሆነ ከጄሉ ወደ ብሎቱ ሜምብሬን (ፕሮቲኑ ወደሚለጠፍበት ስስ ወረቀት መሰል ነገር) ለመሻገር ጊዜ ይፈልጋል፤ አትቸኩዪ። ለሚቀጥለው ደግሞ ከሴረም ይልቅ ፕላዝማ (ያልረጋ ደም ፈሳሽ) ውሰጂ። ደም ሲረጋ ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚረዱ የደም ክፍሎች) የራሳቸውን ቬሲክል (ጥቃቅን ከረጢት) ይለቃሉ፤ ያ ሁሉ የካንሰር መስሎ ያሳስትሻል።

አንድ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ስሠራ ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። ሰኞ ፍሪዘሩን ስከፍት ናሙናው ቀልጦ እንደገና በርዷል፤ ቱቦዎቹ ላይ በማርከር የጻፍኩት ታጥቦ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። የአራት ወር ልፋቴን ውሃ በላው። አንቺ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለሽ ሁለት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። ስሙንም በእርሳስ ጻፊ።