ሐሙስ ጠዋት የሚወጣው ካርታ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከመካከላችሁ አንዱ «አሜሪካ ውስጥ ከብት አርቢ ቁጭ ብሎ ነው የሚከፈለው አሉ፣ እውነት ነው ጋሼ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳቄ መጣ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ነብራስካ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ውስጥ የእነዚሁ አርቢዎች ሂሳብ ላይ አቀርቅሬ ነው።

እዚያ ያለውን ቼሪ ካውንቲን ልንገራችሁ፤ ካውንቲ ማለት በግዛት ሥር ያለ፣ እንደኛ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው። ስፋቱ ከኮኔቲከት ግዛት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲቆጠር ግን ሕዝቡ 5,500 እንኳ አልሞላም። አገሩ ሳር የለበሰ የአሸዋ ኮረብታ ነው። ካረሱት አሸዋውን ነፋስ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ኑሮው ላም ነው። ዝናብ ከቀረ ወይ ድርቆሽ መግዛት ነው፣ ወይ ላም መሸጥ። ሁሉም ባንዴ ገበያ ሲወጣ ደግሞ ዋጋው ይወድቃል።

መንግሥት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት የድርቅ ካርታ ይወጣል፤ ብርቱካንማው ከባድ ድርቅ፣ ቀዩ ከዚያ የባሰ ነው። እኔ በሠራሁበት ዘመን፣ በግጦሽ ወራት ካውንቲው ለ8 ተከታታይ ሳምንት ብርቱካንማ ከሆነ የአንድ ወር፣ ቀይ ከነካው የሦስት ወር ይከፈል ነበር። ክፍያው የመኖ ወጪ 60 በመቶ ሲሆን፣ ጣሪያው ለአንድ ሰው በዓመት 125,000 ዶላር ነበር።

አንድ ደንበኛዬ ትዝ ይለኛል። ቡናው እየቀዘቀዘ፣ የስልኩን ካርታ በሁለት ጣቱ አስፍቶ የካውንቲውን ጥግ ያያል። «ነካን እንዴ?» ይለኛል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ዝናብ ሲለምን የነበረ ሰው፣ ሐሙስ ቀዩን ይመኛል። አልፈርድበትም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ቀዩ ጥጉን ብቻ ቢነካም ካውንቲው በሙሉ ክፍያው ውስጥ ይገባል። ዝናብ ያገኘው ሰውዬ ሳሩ ጉልበት ደርሶ ይከፈለዋል። ከአጥሩ ማዶ፣ ሌላ ካውንቲ ያለው ጎረቤቱ ላሞቹ አፈር እየላሱ ባዶ እጁን ይቀራል። ደግሞ ሂሳቡ በከብት ቁጥር ነው፤ ላለው ይጨመርለታል። እንዲያም ሆኖ ድጎማው ይቅር አልልም። ያለሱ መጀመሪያ የሚወድቁት ትንንሾቹ ናቸው።

ይህን የምለው በራሴ ጥፋት ስላየሁት ነው። አንዲት ደንበኛዬ በኪራይ ግጦሽ ላይ 40 ላም ነበራት። ገንዘቡ የሚሰጠው ለከብቱ ባለቤት ነው፤ መሬቱን ግን መከራየቱን ማሳየት አለበት። የኪራይ ውሏን ከሌላ ሰው ፋይል ጋር ቀላቅዬው ጠፋ። ሳገኘው የማመልከቻው ቀን አልፏል። ያን ዓመት 12 ላም ሸጣ ነው የተወጣችው። ተቆጥታኝ አታውቅም፤ ቢሮዬ ግን ተመልሳ አልመጣችም። እባካችሁ፣ የሰው ወረቀት ስትይዙ ከብቱን እንደያዛችሁ ቁጠሩት።

የግብርና ተማሪዎቹ ደግሞ ስሙኝ። ቦረና ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የከብት ኢንሹራንስም በካርታ የሚመራ ነው። ሳተላይት የግጦሹን አረንጓዴነት ይለካል፣ ክፍያው በዚያ ይወሰናል። ግን ቦረናን ቁጥቋጦ እየወረረው ነው። ከሰማይ ሲታይ እሱም አረንጓዴ ነው፤ ላም ግን አትበላውም። ሳተላይቱ ያየው የትኛውን ነው? ይህን ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጣችሁ አትመልሱትም። ውረዱና ከእረኞቹ ጋር ዙሩ። ስትሄዱ ጠንካራ ጫማ አድርጉ፣ እሾሁ አይጣል ነው።