የሞተር ብሎን ይመለስ ወይስ ይቀየር?

ጥያቄ፦ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሬን ሙሉ በሙሉ አስፈትቼ እያሳደስኩ ነው። ፒስቶኑ፣ ፋሻው (የፒስቶን ቀለበቱ) እና ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ልባስ) በአዲስ ይተካሉ። የሚሠራልኝ መካኒክ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) እና የቢዬላው (ፒስቶኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ብሎኖች ጥርሳቸው ደህና ስለሆነ አጥቦ ሊመልሳቸው አስቧል። ወዳጄ ደግሞ ሞተሩ ከተፈታ አይቀር ሁሉንም የጥንካሬ ደረጃው 12.9 በሆነ ብሎን፣ ወይም ለውድድር መኪና በሚሠሩ ጠንካራ ስታዶች (ብሎኩ ላይ ተተክለው በዳዶ በሚጠብቁ ራስ የሌላቸው ብሎኖች) እንድቀይር ይመክረኛል። መኪናዋ የዘወትር መጓጓዣዬ ናት፤ የሞተሩን ጉልበት የመጨመር ሐሳብ የለኝም። የማንን ምክር ልስማ?

መልስ፦ በሁለቱም ምክር ውስጥ እውነት አለ፤ ሆኖም መካኒክዎ ብሎኑን በጥርሱ፣ ወዳጅዎ ደግሞ በብሎኑ ራስ ላይ በተቀረጸው የጥንካሬ ቁጥር እየመዘኑት ነው። ብሎን ቴስታታን ሲሊንደሮቹ ካሉበት የሞተሩ አካል፣ ከብሎክ ጋር አጣብቆ የሚይዘው በመለጠጡ ነው። ሲጠብቅ እንደ ሞላ በጥቂቱ ይሳባል፤ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ የሚታገልበት ኃይልም ሁለቱን አካላት ያጣብቃል። የመለጠጥ ወሰኑን እስካላለፈ ድረስ ሲፈታ ወደ ልኩ ስለሚመለስ ደግሞ ሊያገለግል ይችላል፤ ወሰኑን ካለፈ ግን እንደተሳበ ይቀራል፣ ጥርሱም እጅግ ያማረ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ ብሎኖቹን ከመመርመርዎ በፊት የሞተሩን የጥገና መመሪያ ይክፈቱ። ብሎኑ በቶርክ ሬንች (ቶርክን፣ ማለትም የማጥበቂያውን የመጠምዘዝ ኃይል በሚለካ ቁልፍ) በተወሰነ መጠን ከጠበቀ በኋላ ተጨማሪ 90 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ እንዲዞር የታዘዘ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ሆን ተብሎ እስከ መለጠጥ ወሰኑ ወይም ከዚያ ጥቂት አልፎ እንዲሳብ የተነደፈ ነው። እንዲህ ያለውን ብሎን አንዳንድ አምራቾች በተፈታ ቁጥር እንዲጣል ያዝዛሉ፤ ሌሎች ደግሞ ርዝመቱ ወይም የቀጠነው ክፍል ውፍረት ተለክቶ ከወሰኑ ካላለፈ እንዲመለስ ይፈቅዳሉ። ለምሳሌ የቶዮታ መመሪያዎች ለብዙ ሞተሮች ዝቅተኛውን የብሎን ውፍረት በቁጥር ያስቀምጣሉ። በዲግሪ የሚጠብቅ ሁሉ ግን የአንድ ጊዜ ብሎን ነው ማለት አይደለም፤ ለዚህ ነው መመሪያው ከግምት የሚበልጠው።

ልኬቱ ከባድ ሥራ አይደለም። ብሎኑን በደንብ ካጸዱ በኋላ አዲስ ዳዶ በእጅ ብቻ ከጫፉ ጀምረው እስከ ጥርሱ መጨረሻ ያሂዱ። ዳዶው በቀላሉ ሲሄድ ቆይቶ ከጥርሱ መካከል አንድ ቦታ ላይ ቢይዝ፣ በዚያ ቦታ ጥርሶቹ ተራርቀዋል፣ ማለትም ብሎኑ ተስቧል ማለት ነው። ከዚያ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ጫፉ አካባቢ ያለውን ውፍረትና ጥርሱ ወደሚያበቃበት የተጠጋውን ውፍረት ያነጻጽሩ፤ ወገቡ ቀጥኖ ከተገኘ ያለ ክርክር ይጣላል።

የቢዬላ ብሎኖችን ለብቻቸው አያቸዋለሁ። ፒስቶኑ ጭሱን አስወጥቶ ከላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደ ታች የሚገፋው የጋዝ ግፊት የለም፤ ስለዚህ ፒስቶኑን ከነፒኑ ከበረራው አስቁሞ የሚመልሰው ቢዬላው ሲሆን፣ የቢዬላውን ክዳን የያዙት ሁለት ብሎኖች መላውን ጭነት ይሸከማሉ። ይህ ጭነት የሚጨምረው በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ በመሆኑ፣ ሞተሩ በደቂቃ ከ6,000 ወደ 7,000 ዙር ሲወጣ ጭነቱ በ36 በመቶ ያህል ያድጋል። የቴስታታ ብሎን ቢላላ በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ የቢዬላ ብሎን ቢበጠስ ግን ቢዬላው ብሎኩን ሰብሮ ሊወጣ ይችላል። የሞተሩ የቀድሞ ታሪክ በውል የማይታወቅ ከሆነ፣ ጥርሳቸው የቱንም ያህል ቢያምር እነዚህን በፋብሪካው አዲስ ብሎን መተካት አለብዎት የሚል አቋም አለኝ። አዲሶቹ ከገቡ በኋላ ክዳኑ በታዘዘው ልክ ጠብቆ የቢዬላው ትልቁ ቀዳዳ ክብነት ይለካ፤ የብሎኑ የመያዝ ኃይል ሲለወጥ ቀዳዳው ሞላላ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ ከሆነ በማሽን መስተካከል አለበት። ብሎን ቀይረው ይህን የሚዘሉ ሰዎች ብሮንዚናቸው ቶሎ ሲበላ የብሮንዚናውን አምራች መውቀስ ይቀናቸዋል።

ወደ ወዳጅዎ ሐሳብ ልምጣ። ቁጥሮቹ የሚናገሩት ጥንካሬን ነው፦ የ8.8 ብሎን የመበጠሻ ጥንካሬ 800 ሜጋፓስካል ገደማ ሲሆን መሳብ የሚጀምረው በ80 በመቶው ነው፤ 10.9 በ1,000 እና በ90 በመቶ፣ 12.9 ደግሞ በ1,200 እና በ90 በመቶ ይቆጠራሉ። ነገር ግን ሦስቱም ብረቶች ከወሰናቸው በታች የሚለጠጡት እኩል ነው። ስለሆነም መጠኑና ሰበቃው ተመሳሳይ የሆነ 12.9 ብሎን በድሮው ቶርክ ቢጠብቅ፣ የሚሰጠው የማጣበቅ ኃይል ከ8.8ቱ አይበልጥም። ጥቅሙ የሚገኘው ቶርኩ ሲጨምር ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ የአሉሚኒየም ብሎክ ጥርስ ሊመዘዝ፣ ሲሊንደሩም ከክብነቱ ሊዛባ ይችላል። በዚያ ላይ ከምንሰጠው ቶርክ 90 በመቶ ያህሉ የሚባክነው በሰበቃ ነው፤ ስለዚህ ሽፋኑ ወይም ቅባቱ የተለየ ብሎን በአሮጌው ቁጥር ከጠበቀ ውጤቱ ከታሰበው በእጅጉ ሊርቅ ይችላል። የስታድ ጥቅም ግን እውነተኛ ነው፦ ዳዶው ብቻ ስለሚዞር ስታዱ በዋናነት ይሳባል እንጂ እንደ ብሎን አይጠመዘዝም፣ የብሎኩም ጥርስ በተፈታ ቁጥር አይበላም። ይህ የቱርቦ ግፊት ለተጨመረበት ወይም ቴስታታው ደጋግሞ ለሚወርድ ሞተር ያስፈልጋል፤ ለእርስዎ አያስፈልግም።

የኮፓ (የሞተሩ የታችኛው የዘይት መያዣ)፣ የውሃ ፓምፕና የቫልቭ ክዳን ብሎኖች ታጥበው ይመለሱ። የቮላኖ (ከሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ ተሽከርካሪ) ብሎኖችን መመሪያው አዲስ ካለ አዲስ ያስገቡ። የአሉሚኒየም ብሎን የገጠመው ሰው ግን፣ ለምሳሌ የክራንክ ቤቱ ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራውን የቢኤምደብሊው ኤን52 ሞተር የሚፈታ፣ አንዱንም መልሶ መጠቀም የለበትም።

ብሎኩ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች መጽዳታቸውንም ራስዎ ይመልከቱ። ሥሩ በተደፈነ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ ብሎኑ ሲወርድ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጥያቄ፦ ከቴስታታ ብሎኖቼ ጥቂቶቹ ዝገዋል። አሲድ ውስጥ አሳድሬ፣ ከዚያም ዚንክ አስለብሼ ብመልሳቸውስ?

መልስ፦ አይሞክሩት። ጠንካራ ብረት፣ በተለይም 12.9፣ በአሲድም ሆነ በኤሌክትሪክ ዚንክ ሲለብስ ሃይድሮጅን ይስባል፤ ሃይድሮጅኑ ብረቱን በቀላሉ ተሰባሪ ስለሚያደርገው ብሎኑ በትክክል ጠብቆ ሳለ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ያለ ምንም ምልክት ሊበጠስ ይችላል። ላዩን ብቻ የነካ ዝገት በማጽጃ ፈሳሽና በብሩሽ ይለቃል። ዝገቱ ገላውን ቦርቡሮት ከሆነ ግን ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ጉድጓድ ነውና ብሎኑ ይጣል። የዛጉት ጥቂቶቹ ብቻ መሆናቸው ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፦ የእነዚያ ብሎኖች ቀዳዳ ወደ ሞተሩ የውሃ መተላለፊያ የሚዘልቅ መሆኑን ይመርምሩ። የሚዘልቅ ከሆነ አዲሱ ብሎን ጥርሱ ላይ መመሪያው የሚያዝዘውን የማሸጊያ ቅባት ተቀብቶ መግባት ይኖርበታል።