ስክሪን ላይ ያማረው ብሬል ወረቀት ላይ ጉድ ሠራኝ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ለዓይነ ስውር ተማሪሽ የአማርኛ ፈተናውን ኢንተርኔት ላይ ባገኘሽው መቀየሪያ ወደ ብሬል ቀይረሻል። ነጥቦቹም ዎርድ ላይ ቁልጭ ብለው ታይተውሻል። «በፍላሽ ወስጄ ላሳትመው ወይ?» ነው ያልሽው። ኧረ እንዳታደርጊው! እኔም ለአክስቴ ልጅ የታሪክ ኖት ሳዘጋጅ ይችኑ ነው የሠራኋት።

1. መጀመሪያ ፈተናው በምን ፎንት እንደተተየበ እዪ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ከሆነ ለዓይን አማርኛ ይመስላል እንጂ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ፎንቱን ብትቀይሪው ጉዱ ይወጣል። መቀየሪያውም ወደ ብሬል የሚያዞርልሽ ያንኑ ጉድ ነው።

2. አሁን ያየሻቸው ነጥቦች የዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለየፊደሉና ለየምልክቱ ቁጥር የሚሰጥበት ሥርዓት) ብሬል ናቸው። የእኛ ፊደልና ብሬል ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት አብረው ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም 3.0። ብሬል ከ2800 ጀምሮ 256 ቦታ አለው። ለነጥብ 1 ዋጋው 1፣ ለ2 2፣ ለ3 4፣ ለ4 8፤ እንዲህ እየታጠፈ ስምንተኛዋ ነጥብ 128 ትደርሳለች። «ል» ነጥብ 1፣ 2 እና 3 ናት። ሲደመር 7፤ ቁጥሯ 2807 ማለት ነው። (ከ9 በላይ ሲሆን በሄክሳ፣ ማለትም በ16 በሚቆጥረው አጻጻፍ፣ ነው የሚጻፈው።) ዛሬ ይሄን በቃሌ እሠራዋለሁ፤ ያኔ ግን የት አውቄው! ዩኒኮድ «ል» መሆኗንም አያውቅም። የእንግሊዝኛው ኤልም ያችው ናት። የሚመዘግበው ነጥቦቹን ብቻ ነው።

3. የብሬል ማተሚያው ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ የሚጠብቁት ቢአርኤፍ የሚባለውን ፋይል ነው። እዚያ ውስጥ 64ቱ የስድስት ነጥብ ቅርጾች በተራ የኪቦርድ ምልክቶች ነው የሚጻፉት። «ል» ኤል ሆና ትገባለች፣ የቁጥር ምልክቷ ደግሞ ሃሽ። ስትከፍችው ዝባዝንኬ ነው የሚመስለው። እኔን የበላኝም ይሄ ነው። ፕሮግራሙ ሁለቱንም ፋይል ሰጥቶኝ ነበር። ዝባዝንኬውን «ተበላሽቷል» ብዬ በገዛ እጄ ደለትኩት! ነጥብ ነጥብ የሚለውን፣ ያማረውን፣ ይዤ ሄድኩ።

ማተሚያ ቤት ሁለት ቀን ካመላለሱኝ በኋላ አታሚው ፍላሹን ሰካ፣ ፕሪንት አለና ሻይ ሊጠጣ ወጣ። አንድም ገጽ አላየም። ሲመለስ ያ ሁሉ ወፍራም ወረቀት አልቋል። «ፋይልህ ነው፤ የወረቀቱን ክፈል» አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። ከፈልኩ። የአክስቴ ልጅ ጣቱን አስኬደበትና ሳቀ። «አንድ ፊደል ብቻ እኮ ነው፣ ከላይ እስከ ታች!» ማተሚያው የማያውቀውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተክቶት ኖሯል። የልጁ ፈተና ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ያን ሌሊት ሊብሉዊ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርጄ ሀ ብዬ ጀመርኩ። ማንም አላሳየኝም። ሲነጋ ቢአርኤፉ እጄ ላይ ነበር።

የገጹን ብዛትም አትናቂ። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፍ «ሰላም» አምስት ሴል (አንድ የብሬል ቅርጽ የሚይዘው ቦታ) ትወስዳለች። አንድ ገጽ ብዙ ጊዜ በ40 ሴል 25 መስመር ነው። ወረቀት ስትገዢ ይሄን አስቢ፣ እኔ አጥሮኝ ሌላ ቦታ ለምኛለሁ።

ስትሄጂ «አንድ ገጽ ብቻ ሞክሩልኝ» ብለሽ እዚያው ቁሚ። ይነጫነጩብሻል፤ ይነጫነጩ። ገጿን ወስደሽ ለተማሪሽ ስጪው። ለቀሪው ፍላሹን የምታስረክቢው እሱ ጮክ ብሎ ካነበበልሽ በኋላ ነው።