«አተነፋፈስሽን አስተካክይ» ለተባልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። አንገትና ትከሻሽን ካመመሽ ከዓመት በላይ ሆኖሻል፤ ፊዚዮቴራፒስቱ (በእንቅስቃሴና በማሸት የሚያክመው ባለሙያ) «አተነፋፈስሽን አስተካክይ» ሲልሽ «ከፍዬ መተንፈስ ልማር ነው እንዴ?» ብለሽ ተናደሻል። ሰውዬው እውነቱን ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሼ ነው የምውለው። አንቺም ኮምፒውተር ላይ ነሽ፣ ያው ነው።

1. አንድ እጅሽን ደረትሽ ላይ፣ አንዱን ሆድሽ ላይ አድርጊ። የላይኛው ብቻ ከፍ ዝቅ ካለ በአንገትና በትከሻ ጡንቻ እየተነፈስሽ ነው። እነሱ ስንሮጥና ስንደነግጥ የሚያግዙ ናቸው፤ ዋናው ሠራተኛ ከሳንባ ሥር ያለው ድያፍራም የሚባል ጡንቻ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ እንኳ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ይህን ሁሉ አንገት ተሸክሞት እንዴት አይታመም?

2. «በረጅሙ ተንፍሺ» ሲሉሽ ደረትሽን አትንፊ። አየር ማብዛት ካርቦንዳይኦክሳይድን ስለሚቀንስ ያዞራል፣ ጣት ያደነዝዛል። በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ አስገቢ፣ ስታስወጪ ግን አርዝሚው። ያኔ የልብ ምትሽም ረጋ ይላል።

3. ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየው ምርመራ) ላይ አትቸኩዪ። አንድ የግል ክሊኒክ ሐኪሙ አንገቴን በእጁ ሳይነካ አዘዘልኝ። ለአዲስ የስፌት መኪና ያጠራቀምኩት ብር እዚያ አለቀ። ውጤቱ «ዲስክሽ (በአንገት አጥንቶች መሀል ያለው ትራስ) ትንሽ ወጣ ብሏል» ሆነ። «ታዲያ ምን ላድርግ?» ስለው «ሥራ ቀይሪ» ብሎ ቀጣዩን ታካሚ አስጠራ። ልጆቼን የማሳድግበትን ሥራ! ምንም የማያማቸው ሰዎች ላይም እንዲህ ያለ ዲስክ በብዛት እንደሚታይ እዚያ የነገረኝ የለም።

የነገረችኝ የመንግሥት ሆስፒታል ያለች አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ናት። ሥራዬን ጠየቀችኝና ከቦርሳዬ መርፌ አውጥቼ ክር እንዳስገባ አደረገችኝ። የክሩን ጫፍ በምራቄ አሹዬ ወደ ቀዳዳው ሳስጠጋ «እዚያው ቁሚ» አለችኝ። ትንፋሼ ቀጥ ብሏል፣ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ደርሷል። ሲያመኝ ደግሞ ይብሱን አፍኜ እይዘዋለሁ፤ ጡንቻው ይገተራል፣ ተመልሶ ያመኛል።

ስለዚህ ፍራሽ ላይ ተጋድመሽ ብቻ አትለማመጂ። እዚያማ ማንም ይችላል። ሥራ ላይ ተለማመጂው። እኔ ዚፕ ስገጥም፣ አንገትጌ ሳዞር ትንፋሼን አስወጣለሁ። አንቺም አለቃሽ ሲጠራሽ፣ ሒሳብ አልገጥም ሲልሽ ትንፋሽሽን እዪው፤ ታፍነሽ ታገኚዋለሽ።

ቶሎ ለውጥ አትጠብቂ፣ ሳምንታት ይፈልጋል። የኔም ጨርሶ አልጠፋም፤ ብርድ ሲሆን ይነሳብኛል። ግን ዘንድሮ የጥርን ሠርግ የሚዜ ቀሚሶች በሙሉ በራሴ እጅ ሰፍቼ አስረክቤያለሁ፣ ያውም ማስታገሻ ሳልውጥ።

እጅሽ ዝሎ ዕቃ ከጣለ፣ እግርሽ አልታዘዝ ካለ፣ ትኩሳት ካለሽ ወይም ያለምክንያት ከከሳሽ ግን ይህን ሁሉ ተይውና ሐኪም ጋ ሂጂ።

ለቀጣዩ ቀጠሮሽ ቢሮ ስትሠሪ ከጎን በኩል በስልክ አስቀርጪና ቪዲዮውን ለፊዚዮቴራፒስቱ አሳዪው።