«ስለ ህንድ ጽፈሽ ማን ይቀጥርሻል» ለተባልሽው እህቴ

መልእክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። ማስተርስሽን በኢንግሊሽ ሊትሬቸር እየሰራሽ ነው፣ «ማንነትና ባይተዋርነት በህንድ ዲያስፖራ ልቦለዶች» ብለሽ ያስገባሽውን የቴሲስ ርእስ አድቫይዘርሽ «በጣም ሰፊ ነው» ብሎ መለሰብሽ፣ ወንድምሽ ደሞ ያንን ተናገረሽ፣ እና ልተወው ወይ ነው ጥያቄሽ።

አትተይው ግን አጥብቢው። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በኮንትራት ከህንድ ወደ ካሪቢያኗ ደሴት ትሪኒዳድ ሸንኮራ ሊቆርጡ በመርከብ የተጫኑት ሰዎች የልጅ ልጅ (ደራሲውን ናይፖልን በይ) እና አሜሪካ በ1965 የኢሚግሬሽን ህጓን ከቀየረች በኋላ ዲግሪያቸውን ይዘው የገቡት ሰዎች ልጅ አንድ ቻፕተር ውስጥ ሲታጨቁ አድቫይዘርሽ ቢማረር አልፈርድበትም።

እኔ ብሆን ስም ላይ ብቻ ነበር የምሰራው። የጁምፓ ላሂሪ «ዘ ኔምሴክ» የሚለው ልቦለድ (2003) ላይ ልጁ አሜሪካ ሲወለድ ስም እንድታወጣ የተጠበቀችው የእናቱ አያት ናት፣ ደብዳቤዋ ከካልካታ ተልኮ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሆስፒታሉ ደሞ ያለ ስም አላስወጣም ይላል፣ አባትየው ለጊዜው ብሎ በሩሲያዊው ደራሲ ስም ጎጎል ይለዋል። ቤንጋሎች (የካልካታ አካባቢ ሰዎች) የቤት ስም እና የውጪ ስም አላቸው፣ የቤቱ ስም ወረቀት ላይ ወጣና ልጁ 18 ሲሞላው ፍርድ ቤት ሄዶ ኒኪል ሆነ። አሁን ልብ በይ፣ ላሂሪ ይሄን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ቁጭ ብላ ማስረዳት ነበረባት፣ አንቺ ግን ለሀበሻ አንባቢ «የቤት ስም» ብለሽ ታልፊዋለሽ፣ አያትሽ የሚጠሩሽና ሚኒስትሪ ካርድሽ ላይ ያለው አንድ ነው እንዴ? ቴሲስሽ እዚህ ጋ ነው ያለው። እናትየው አሺማም አለችልሽ፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ ነፍሰ ጡር ሆና የቁርስ ሩዝ፣ ኦቾሎኒና ሽንኩርት ደባልቃ የካልካታ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ልታስመስል ስትሞክር፣ ሁሌ የሆነ ነገር እየጎደለው።

ስራውን በተመለከተ፣ በቴሲስ ርእስ የሚቀጥር የለም፣ የማይቀጥርም የለም። እኔ የስራ ቃለ መጠይቅ ፓነል ላይ ስቀመጥ የማየው ሰውየው ረጅም ነገር አንብቦ ባጭሩ ይነግረኛል ወይ የሚለውን ነው፣ ኮሚዩኒኬሽንም ሆነ ኤዲቲንግ ሆነ ትርጉም ሁሉም ይሄንኑ ነው የሚገዛሽ። አንዷ ስለ ቴሲሷ ስትጠየቅ አምስት ደቂቃ ሙሉ «አይደንቲቲ» ስትል ቆየች፣ አንድ ገጸ ባህሪ እንኳን ሳትጠራ (ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ ያሳዝናል)። ስለዚህ በዚህ ወር ያቺን የሆስፒታል ትእይንት ሁለት ገጽ ወደ አማርኛ ተርጉሚና ለስራ ማመልከቻ የሚሆን ናሙና አድርጊያት።

ወንድምሽን ደሞ ዛሬ ማታ የደብዳቤውን ታሪክ ንገሪው። ከሁለት ደቂቃ ካለፈብሽ ነገም ድገሚው።