ለእናቴ የበጀ ካልሲ ለአባቴ ለምን አልበጀም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። እናቴ ፒያሳ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ሠሪ ናት፣ ቆማ ነው የምትውለው። የእግሯ ደም ስር ተጠማዝዞ ወጥቷል፣ ማታ ማታም ያብጣል። ሐኪም ጠበቅ ያለ ካልሲ አዘዘላትና በጣም ቀለላት። አባቴ ደግሞ 67 ዓመቱ ነው፣ ጡረታ የወጣ መምህር። ስኳር አለበት፣ ሲጋራ ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። ዳገት ሲወጣ ባቱን ይይዘዋል፣ ቆም ሲል ይለቀዋል። ጎረቤቱ ሁሉ “ብርድ ነው” ይላል። እናቴን ከጠቀማት ብዬ ትርፉን ካልሲ ለእሱ አደረግኩለት። ከዚያ ወዲህ ግን ሌሊት እግሩን ከአልጋ አውርዶ ነው የሚተኛው። ልተወው ወይስ እስኪለምደው ልጠብቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ካልሲውን አሁኑኑ አውልቂለት። ቀሪውን ከዚያ በኋላ ታነቢዋለሽ።

አወለቅሽ? ጥሩ። ራስሽን አትውቀሺ፤ ሁለቱም ያሉሽ “እግሬን” ነው፣ ካልሲውም ያው ካልሲ ነው። በሽታዎቹ ግን ተቃራኒ ናቸው። ልብ ደም የሚልክባቸው ቧንቧዎች ደም ቅዳ ይባላሉ፣ ደሙ ወደ ልብ የሚመለስባቸው ደግሞ ደም መልስ። የእናትሽ ችግር መልሱ ላይ ነው። የአባትሽ ቅዳው ላይ ይመስለኛል።

ለጎንደር ሰው ስለ ዳገት ማስረዳት አይከብድም። የእግር ደም ወደ ልብ ሲመለስ ሽቅብ ነው የሚሄደው። የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው፤ በተራመድን ቁጥር ደም መልሱን ይጨምቀዋል። የተገፋው ደም ተመልሶ እንዳይወርድ ውስጡ ትንንሽ በሮች አሉ። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ዳር የቆመ ሰው ባቱ አይጨምቅም፣ በሮቹም እያደር ይላላሉ፣ ደሙ ታች ይጠራቀማል። ካልሲው ከውጭ ጨመቅ ሲያደርግ ያንን ያግዛል። አባትሽ ጋ ግን ቧንቧው ከላይ ጠቧል፤ የሚደርሰው ደም ጥቂት ነው፣ አንቺ ደግሞ በካልሲ ጠፍንገሽ ያችኑ ከለከልሻቸው።

እግራቸውን ከአልጋ የሚያወርዱትም ለዚህ ነው። ሲጋደሙ ደሙን ወደ ታች የሚስበው ነገር የለም፣ እግሩ ሲንጠለጠል ግን ትንሽ ይወርድለታል፣ ሕመሙም ይታገሳል። እናትሽ እግራቸውን ትራስ ላይ ሲሰቅሉ ይቀላቸዋል፣ አባትሽ ሲያወርዱ። ከጻፍሽው ሁሉ ያስደነገጠኝ ይኼ የሌሊቱ ነገር ነው። ካልሲው ወልቆም ሌሊት ካመማቸው፣ ወይም ጣታቸው ላይ ቁስል ካየሽ፣ ነገ ዛሬ ሳትዪ ሆስፒታል ውሰጃቸው።

ዳገት ላይ የሚይዛቸውን ሕመም ጀርመኖች “የሱቅ መስኮት በሽታ” ይሉታል፤ በሽተኛው ዕቃ የሚያይ መስሎ በየሱቁ በር ስለሚቆም ነው። እኛ ዘንድ የሱቅ መስኮት አያስፈልግም፣ ሰላምታ አለን። አንድ ታካሚዬ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲወጡ ሦስት ቦታ እየቆሙ ሰው ያዋሩ ነበር፤ ልጆቻቸው “አባባ ሰው ይወዳል” ይሉ ነበር። ኋላ ነው ባታቸው እስኪለቃቸው ሰበብ ሲፈልጉ እንደነበር የገባን። ብርድ ርቀት አይቆጥርም። ይኼኛው ይቆጥራል፤ ዛሬም ነገም እዚያው ቦታ ሲደርሱ ይይዛል፣ ከቆሙ በጥቂት ደቂቃ ይለቃል።

እኔ ዘንድ ቢመጡ መጀመሪያ የማየው ቆዳቸውን ነው። የቅልጥሙ ፀጉር ረግፎ ቆዳው እንደተወለወለ ካብረቀረቀ እጠረጥራለሁ። ከዚያ በሁለት ጣቴ የእግራቸው ጀርባ ላይ፣ ቀጥሎም ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ትርታ እፈልጋለሁ። እግሩን ከፍ አድርጌ ስይዘው ከነጣ፣ ሳንጠለጥለው ደግሞ ቀስ እያለ እንደ ቀይ ሽንኩርት ከቀላ፣ ነገሩ ግማሽ በግማሽ ታወቀ ማለት ነው።

ቀጣዩ ምርመራ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የግፊት መለኪያና በመዳፍ የምትያዝ ዶፕለር ይበቃሉ፤ ጄል ተቀብቶ ቆዳ ላይ ስታርፍ የደሙን ፍሰት ሿ ሿ እያለች ታሰማለች። የቁርጭምጭሚት ግፊት ለክንድ ግፊት ይካፈላል። ክንድ 140፣ ቁርጭምጭሚት 84 ከሆነ 0.6 ይመጣል። ደህና የሚባለው ከ1.0 እስከ 1.4 ነው፤ 0.9ና ከዚያ በታች ከሆነ ደም ቅዳው ጠቧል። ጠባብ ካልሲ ከመታዘዙ በፊት ይህ ቁጥር መታወቅ ያለበት ለዚህ ነው፣ ከ0.5 በታች ከሆነማ ጭራሽ አይሞከርም።

አባትሽ ስኳር ስላለባቸው ግን ቁጥሩ ሊያታልል ይችላል። የደም ቅዳው ግድግዳ ይደድርና መለኪያው ሲጫነው እሺ አይልም፣ ቁጥሩም ያለ ልኩ ከፍ ይላል። እንዲህ ሲሆን የእግር አውራ ጣት ግፊት ይለካል። የጠበበው የቱ ጋ እንደሆነ ለማየት ዶፕለር አልትራሳውንድ አለ፣ ቧንቧውን ለመክፈት ሲታሰብ ደግሞ ሲቲ አንጂዮግራፊ፣ ማለትም ደም ስር ውስጥ ቀለም ተሰጥቶ በሲቲ የሚነሣ የቧንቧዎቹ ምስል።

ሕክምና ሲባል ሁሉም ቀዶ ጥገና ይመስለዋል። ሕመሙ በእግር ጉዞ ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚታዘዘው መድኃኒትና ራሱ የእግር ጉዞው ነው። ደም እንዳይረጋ አስፒሪን ወይም ክሎፒዶግሬል፣ ለኮሌስትሮል እንደ አቶርቫስታቲን ያለ፣ ስኳርና ግፊቱን መቆጣጠር። የእግሩ ደም ቅዳ የጠበበበት ሰው የልቡና የጭንቅላቱም ያሰጋል፣ መድኃኒቶቹ ለዚያም ናቸው። ጉዞው ደግሞ ሽርሽር አይደለም፦ ባቱ እስኪያመው ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ሲለቀው ይቀጥላል፤ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ለ12 ሳምንት። በፈረንጆቹ 2012 የወጣው ክሌቨር የተባለ የአሜሪካ ጥናት፣ ሆድ አካባቢ ያለው ትልቁ ደም ቅዳ የጠበበባቸውን ሰዎች፣ በተራመዱትና ስቴንት (ቧንቧውን ከውስጥ ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ መረብ ቱቦ) በገባላቸው ከፍሎ አነጻጽሮ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ከስቴንቱ ይልቅ በባለሙያ ክትትል የተራመዱት ረዘም ላለ ጊዜ መሄድ ችለዋል። ስቴንት የገባላቸው ደግሞ ኑሯቸው የበለጠ እንደቀለላቸው ተናግረዋል፤ እኔ ሁለቱንም አምናለሁ።

ሌሊት ለሚያመውና ቁስል ለወጣበት ግን ጉዞ እየተባለ አይጠበቅም፣ ቧንቧው መከፈት አለበት። ይህን በቀጭን ቱቦ መሥራት የጀመረው ቻርልስ ዶተር የተባለ አሜሪካዊ የራጅ ሐኪም ነው። በፈረንጆቹ ጥር 1964 ፖርትላንድ ከተማ ውስጥ እግርዎ ይቆረጥ ሲባሉ አሻፈረኝ ያሉ የ82 ዓመት እናት መጡለት። የጠበበውን ደም ቅዳ ከውስጥ አሰፋላቸው፣ እግራቸውም ተረፈ። (አሻፈረኝ ማለት አንዳንዴ ይጠቅማል፤ ለታካሚዎቼ ግን እንዳትነግሪብኝ።) ዛሬ ያው ሥራ በፊኛና በስቴንት ይሠራል። በየሆስፒታሉ ስለሌለ ሪፈር ሊጻፍላችሁ ይችላል።

እስከዚያው እግራቸውን ከሰል ምድጃ ዳር አታሙቂላቸው፣ በሙቅ ውሃም አትዘፍዝፊ። ብርድ ነው ያለሽ ጎረቤት የሚመክርሽ ይህንኑ ነው፣ አውቀዋለሁ። ስኳር ያለበት እግር ሲቃጠል ላይሰማው ይችላል፤ ደም የማይደርሰው ቁስል ደግሞ አይድንም።

ወደ እናትሽ ልመለስ። ካልሲው በሮቹን አይጠግንም፣ እብጠቱን ነው የሚይዘው። ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ያለው ቆዳ ከጠቆረ ወይም ከቆሰለ በካልሲ ብቻ አይቆይም፤ የተበላሸው ደም መልስ በሙቀት ወይም በመርፌ በሚሰጥ መድኃኒት ይዘጋል። ታዲያ ደሙ በየት ይሄዳል እንዳትዪኝ፣ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው ትልቁ ደም መልስ ይበቃዋል። በፈረንጆቹ 2018 የወጣው ኢቭራ የተባለ የእንግሊዝ ጥናት እንዲህ ያለ ቁስል የነበረባቸውን ተከታትሏል። ሁሉም በፋሻ ይታሰሩ ነበር። ደም መልሳቸው ቶሎ ከተዘጋላቸው ግማሾቹ በ56 ቀን ውስጥ ዳኑ፣ መዝጋቱ ከዘገየባቸው ግን ለዚያው 82 ቀን ፈጀ።

አንድ ነገር ለሁለቱም። አንድ እግር ብቻ ድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ፣ ወጌሻ አይሸው። ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ ከተነሣ ሳንባ ይዘጋል። እግር ድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣና ከደነዘዘ ደግሞ ጊዜው በሰዓት ነው የሚቆጠረው፤ ያገኘሽው ባጃጅ ላይ አሳፍረሽ ድንገተኛ ክፍል አድርሻቸው።

እናትሽ ካልሲውን ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እግራቸው ሳያብጥ ይልበሱት፣ ማታ ያውልቁት። ስድስት ወር አካባቢ ሲሆነው ይላላል፣ ያኔ ይቀየራል። ካባትሽ ያወለቅሽውን እጠቢና ለመቀየሪያ አስቀምጪላቸው።