ከአልሞዶቫር በፊት የነበሩት የስፔን ተዋናዮች፦ ከማን ልጀምር ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ከአልሞዶቫር በፊት የነበሩትን የስፔን ሴት ተዋናዮች ማየት ብፈልግ ከማን ልጀምር? ብዙዎቹስ ለምን በአፍላነታቸው ጠፉ?» ነው ያልሽው። አልሞዶቫር እንግዲህ በሴት ገጸ ባሕርያቱ የታወቀው የስፔን ፊልም ዳይሬክተር ነው። እኔ የፊልም ትምህርት የለኝም። ማድሪድ ውስጥ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ስንከባከብ ቅዳሜ ከሰዓት «ሲኔ ዴ ባሪዮ» የሚባለውን የድሮ ፊልም ፕሮግራም አብሬያቸው ሳይ ነው የለመድኩት። ፕሮግራሙን ለዓመታት ያቀረቡት ራሳቸው የዚያ ዘመን ኮከቦች ናቸው፤ ካርመን ሴቪያ፣ ኋላም ኮንቻ ቬላስኮ።

እኔን ከሰማሽኝ በሳራ ሞንቲየል ጀምሪ። እ.ኤ.አ. በ1928 ላ ማንቻ ውስጥ ካምፖ ዴ ክሪፕታና ተወለደች። አገሯ የሚሰጧት ሚና አላጠግብ ሲላት በ1950 ሜክሲኮ ገባች፤ ከዚያ ሆሊውድ፣ በ1954 ከጋሪ ኩፐርና ከበርት ላንካስተር ጋር «ቬራ ክሩዝ» ላይ ተወነች። ለማርሎን ብራንዶ እንቁላል ጠብሼ አብልቼዋለሁ እያለች ስታወራ ኖራለች፤ ወሬ ማሳመር ትችልበት ነበርና በልክ እመኚያት።

1957ን ግን ልብ በይ። አሜሪካ ሄዳ በሠራችው ዌስተርን (የካውቦይ ፊልም) ድምጿን አውጥተው በምትኩ የአንጂ ዲኪንሰንን አስገቡ። በዚያው ዓመት ማድሪድ ላይ ለእይታ የበቃው «ኤል ኡልቲሞ ኩፕሌ» ደግሞ በጀቱ እዚህ ግባ የማይባል ነበር፤ ዘፈኖቹን በሌላ ዘፋኝ ድምፅ ለማስገባት ታስቦ ገንዘብ ስላነሰ ራሷ ዘፈነቻቸው። ዳይሬክተሩ ሁዋን ዴ ኦርዱኛ ፊልሙ ገና ሳይወጣ መብቱን ሸጦ ነበር። ሲኒማ ቤት ሲገባ ወር በወር ላይ ቢጨምርም ሕዝቡ አልቀነሰ፤ ትርፉን ሌላ በላው። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ በራሷ ዋጋ ተደራድራ የምትፈርም ሆነች። ሲጋራዋን ይዛ «ፉማንዶ ኤስፔሮ»ን በዚያ ወፍራም ድምጿ ቀስ እያለች ስትዘፍን፣ የእኔዋ ሴትዮ ማንኪያቸውን ሾርባው ውስጥ ትተው አብረው ያንጎራጉሩ ነበር። በአምባገነኑ ፍራንኮ ዘመን ሳንሱር እንዲህ ያለ አዘፋፈን እንዴት እንዳለፈ እስካሁን ይገርመኛል።

ለምን ጠፉ ላልሽው፣ መልሱ ማሪሶል ጋ ነው። ማሪሶል የፊልም ስሟ ነው፤ የማላጋ ከተማዋ ፔፓ ፍሎሬስ ገና በልጅነቷ በፕሮዲዩሰር ማኑኤል ጎያኔስ ታይታ፣ ከቤተሰቧ ተለይታ ማድሪድ እሱ ቤት ተቀመጠች። በ1960 በመጀመሪያ ፊልሟ የአገሩ ልጅ ሆነች። ፀጉሯ፣ ስሟ፣ ውሎዋ ሁሉ በእነሱ እጅ ነበር፤ በ1969 ያገባችውም የፕሮዲዩሰሩን ልጅ ነው። ትዳሩ አልዘለቀም። በ1985 በቃኝ ብላ ወጣች። በ2020 የስፔን ትልቁ የፊልም ሽልማት የሆነው ጎያ እዚያው ማላጋ ሲደረግ የክብር ሽልማት ሰጧት፤ አልሄደችም፣ ልጆቿ ተቀበሉላት። ሰው ይህን እንደ አሳዛኝ ታሪክ ያወራዋል፤ እኔ ግን ጤነኛ ውሳኔ ይመስለኛል።

ሕጉንም አትርሺ። እስከ 1975 ድረስ ባለትዳር ሴት ሥራ ለመቀጠርም ሆነ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት የባሏ ፈቃድ ያስፈልጋት ነበር። እንዲህ ባለ አገር ተዋናይት አግብታ ከስክሪን ብትጠፋ ምን ይደንቃል?

ዘፈንና አበባ ከሰለቸሽ የ1964ቱን «ላ ቲያ ቱላ» ፈልጊ። አውሮራ ባውቲስታ እዚያ ላይ የሟች እህቷን ልጆች የምታሳድግ፣ የእህቷን ባል ግን የማትቀበል ሴት ሆና በዝምታ ትገድልሻለች። ቀደም ብላ በ1948 ንግሥት ሆና ስትጮህ ያያት ሰው ያቺው ሴት ናት ብሎ አያምንም። ሎላ ጋኦስንም በ1975ቱ «ፉርቲቮስ» እያት፤ ቆንጆ ሁኚ ያላላት ስለሌለ ይሁን አላውቅም፣ ከሁሉም ይልቅ የምታስፈራኝ እሷ ናት።

የአልሞዶቫር ፊልሞች ተዋናይት የሆነችውን ካርመን ማውራን ለመጨረሻ አቆያት። እነዚህን አይተሽ ወደ እሷ ስትሄጂ አልሞዶቫር የትኞቹን ሴቶች እያየ እንዳደገ ራስሽ ትለያለሽ። የሳራን ፊልም ካላገኘሽው የትርጉም ጽሑፍ ያለውን ቅጂ እልክልሻለሁ፣ ኢንቦክስ ጻፊልኝ።